ትንፋሽ ለሚያጥራቸው ሯጮች፦ ከአዌቱ ዳር እስከ ጅሬን ዳገት

ሩጫ በጀመርኩበት የመጀመሪያ ወር፣ አንድ እሑድ ማለዳ ከጅማ ከተማ መሐል ተነሥቼ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወደሚገኝበት ወደ ጅሬን ኮረብታ ለመሮጥ ወጣሁ። ርቀቱ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን መጨረሻው ዳገት ነው። ዳገቱን ገና ከመጀመሬ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይል ጀመር። መንገድ ዳር ቆሜ፣ ሁለት እጆቼን ጉልበቶቼ ላይ አሳርፌ ቁና ቁና ስተነፍስ ከብቶቻቸውን የሚነዱ አንድ አዛውንት አጠገቤ ቆም አሉና «ልጄ፣ ማን እያባረረህ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ማንም አላባረረኝም አባባ፣ ስፖርት ነው» አልኳቸው። «እንግዲያው ለምን ቀስ አትልም?» ብለው ከብቶቻቸውን ተከትለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ስለ አተነፋፈስ ያነበብኩትና በራሴ ላይ የሞከርኩት ነገር በአብዛኛው የእኚህን ሰው ጥያቄ የሚያብራራ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው ብቻ ሩጫን ለመተው የሚያስቡ አዋቂዎች በራሳቸው ሊለማመዱት የሚችሉትን የአተነፋፈስ ዘዴ ማስረዳት ነው። ጸሐፊው ሐኪም ሳይሆን ዘግይቶ የጀመረ ሯጭ ነው። ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት፣ የትኛውም የአተነፋፈስ ዘዴ ከአቅሙ በላይ ፈጥኖ የሚሮጥን ሰው እንደማያድን ነው። ዘዴው የሚሠራው ፍጥነት ከተስተካከለ በኋላ በመሆኑ፣ ከዚህ በታች ያለው ምክር ደጋግሞ ወደ ፍጥነት ቢመለስ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው።

ትንፋሽ ለምን ያጥራል?

ብዙ ሰው ሲሮጥ ትንፋሹ ሲያጥረው አየር ያነሰው ይመስለዋል፤ በዚህም ምክንያት አፉን ከፍቶ ደጋግሞ ወደ ውስጥ ለመሳብ ይታገላል። ይሁን እንጂ በጤናማ ሰው ላይ የመተንፈስን ፍላጎት በዋናነት የሚቀሰቅሰው በደም ውስጥ የሚጨምረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የሚሠሩ ጡንቻዎች ይህንን ጋዝ ያመነጫሉ፤ ጋዙ ሲበዛ ደም ወደ አሲድነት ያዘነብላል፤ በአንጎል ግንድ ያሉ ሕዋሳትም ለውጡን ተረድተው የመተንፈሻ ጡንቻዎችን ያጣድፋሉ። ሯጩ ፍጥነቱን ከአቅሙ በላይ ሲያደርገው ጡንቻዎቹ የሚለቁትን አሲድ ለማርገብ ሰውነት ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያመነጭ፣ ፍጥነቱ በጥቂቱ ቢጨምር እንኳ ትንፋሹ በብዙ ይጨምራል። ዳገት ላይ «በአንድ ጊዜ ታፈንኩ» የምንለው ይህንን ነው። ስለዚህ የታፈነ ሯጭ የመጀመሪያ ሥራው ውስጡ ያለውን አየር በደንብ ማስወጣት ነው፤ ሳንባ ከተራገፈ ቀጣዩ አየር ሳይታገሉት ይገባል።

ሁለተኛው ምክንያት አጀማመር ነው። ሰው ከተቀመጠበት ተነሥቶ ሲሮጥ ጡንቻዎቹ ወዲያውኑ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋሉ፤ ልብና ሳንባ ግን ያንን ያህል ለማቅረብ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይወስድባቸዋል። በዚህ መካከል ያለው ጉድለት በኋላ በማለክለክ ይከፈላል። በማለዳ ወደ ሜዳ የሚወጡ ወጣቶች የመጀመሪያውን 300 ሜትር እንደ ውድድር ፍጻሜ ሮጠው ከዚያ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሲራመዱ ማየት የተለመደ ነው። ትግስት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 የበርሊንን ማራቶን በ2:11:53 ስትጨርስ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር በአማካይ ከ3 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነው የወሰደባት፤ ልጆቻችን ይህንን በቴሌቪዥን አይተው ለ300 ሜትር ይሞክሩታል። ከፊቱ ያለው የዓመታት ዝግታ በቴሌቪዥን አይታይም።

ሦስተኛው ምክንያት የትንፋሽ ጥልቀት ማነስ ነው፤ ይህ በቀላል ሒሳብ ሊታይ ይችላል። ከምንስበው አየር 150 ሚሊ ሊትር ያህሉ በጉሮሮና በአየር ቧንቧዎች ውስጥ ቀርቶ ወደ ሳንባው ከረጢቶች ሳይደርስ ተመልሶ ይወጣል። አንድ ሰው በደቂቃ 40 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ግማሽ ሊትር ቢተነፍስ በድምሩ 20 ሊትር አየር ያንቀሳቅሳል፤ ከዚህ ውስጥ 6 ሊትሩ ከንቱ ስለሚቀር ሥራ ላይ የሚውለው 14 ሊትር ነው። ያው ሰው በደቂቃ 20 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ አንድ ሊትር ቢተነፍስ አሁንም 20 ሊትር ያንቀሳቅሳል፤ ከንቱ የሚቀረው ግን 3 ሊትር ብቻ ስለሆነ 17 ሊትሩ ይጠቅመዋል። በደረት ላይ ቶሎ ቶሎ የሚደረግ አጭር ትንፋሽ ብዙ አድክሞ ጥቂት የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

የቦታችን ከፍታም ጥቂት ድርሻ አለው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአምስት አንድ እጅ ገደማ ያንሳል። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ በየትም ቦታ 21 በመቶ ያህል ቢሆንም፣ ግፊቱ ሲቀንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው መጠን ይቀንሳል። እዚህ ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ ምክንያት ሊሆን አይችልም። እንደ ጋምቤላ ካሉ ቆላማ አካባቢዎች ለትምህርት ወደ ጅማ የሚመጡ ተማሪዎች ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ሳምንታት ከለመዱት ፍጥነት ቀንሰው ቢሮጡ ይመከራል። በተቃራኒው፣ «እኛ እንደ በቆጂ ልጆች አይደለንም» እያሉ በከፍታ ማመካኘት ለጀማሪ አያዋጣም፤ በቆጂ ከእኛ በ1,000 ሜትር ገደማ ስለምትበልጥ ለሳንባ የሚከብደው የእነሱ አየር ነው።

ልምምዱ የሚጀመረው ፍራሽ ላይ ነው

የመተንፈስ ዋና ጡንቻ በደረትና በሆድ መካከል የተዘረጋው ድያፍራም ነው። ድያፍራም ወደ ታች ሲወርድ ሳንባ ወደ ታች ይሰፋል፤ ሆድም በጥቂቱ ወደ ፊት ይገፋል። ብዙዎቻችን በተለይ ስንጨነቅ ይህንን ጡንቻ ትተን ትከሻችንንና የደረታችንን የላይኛ ክፍል እናነሣለን፤ ይህ ልማድ ሩጫ ላይ ሲደርስ አንገትንና ትከሻን ከማሳመም በቀር ብዙ አይጠቅምም።

በጀርባዎ ይተኙና ጉልበቶችዎን አጥፈው እግሮችዎን ፍራሹ ላይ ያሳርፉ። አንድ እጅዎን ደረትዎ ላይ፣ ሌላውን ከጎድን አጥንትዎ በታች ሆድዎ ላይ ያድርጉ። በአፍንጫዎ በልብዎ እስከ አራት እየቆጠሩ ይሳቡ፤ ሆድ ላይ ያለው እጅ ከፍ ሊል፣ ደረት ላይ ያለው ግን እምብዛም ሊንቀሳቀስ አይገባም። ከዚያም ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈርዎን አሞጥሙጠው እስከ ስድስት እየቆጠሩ በዝግታ ያስወጡ። ማስወጫው ከመሳቢያው እንዲረዝም የተደረገው፣ ቀደም ሲል እንደተባለው፣ ጀማሪን የሚያስቸግረው ሳይጨርሱ ማስወጣት ስለሆነ ነው። እጅ ብቻውን አልገባ ላላቸው ሰዎች እኔ የምመክረው የአንድ ኪሎ ስኳር ከረጢት ሆድ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ከረጢቱ ሲወጣና ሲወርድ በዓይን ስለሚታይ ስሕተቱ ወዲያው ይታወቃል። ቤተሰብ እንደሚስቅብዎት አስቀድመው ይወቁ።

ይህንን ማለዳና ማታ አምስት አምስት ደቂቃ ለአንድ ሳምንት ያድርጉ። አንድ የተለመደ ስሕተት አለ፤ አየር ሳይስቡ የሆድን ጡንቻ ብቻ ወደ ውጭ መግፋት ነው። ስሕተቱን ለመለየት እጆችዎን በግራና በቀኝ የታችኛው ጎድን ላይ ያሳርፉ፤ ትንፋሹ ትክክል ከሆነ ጎድኖቹም ወደ ጎን ይከፈታሉ። በልምምዱ ወቅት ራስ ማዞር ወይም የጣትና የከንፈር መደንዘዝ ከተሰማዎት ከመጠን በላይ በኃይል እየተነፈሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከሚገባው በላይ አውጥተዋል ማለት ነውና፣ አቁመው እንደ ልማድዎ ይተንፍሱ። ከሩጫ በፊት «ሳንባዬን ልሙላ» ብሎ ደጋግሞ በኃይል መሳብም ከማዞር በቀር ጥቅም ስለሌለው መተው አለበት።

በሁለተኛው ሳምንት ያንኑ ትንፋሽ ተቀምጠው፣ ቀጥሎም ቆመው ይሞክሩ፤ ከዚያ ወደ መንገድ ያውጡት። በአዌቱ ወንዝ አቅራቢያ ባሉት ጠፍጣፋ መንገዶች ላይ እየተራመዱ፣ በአራት እርምጃ መሳብና በስድስት እርምጃ ማስወጣት ጥሩ መሸጋገሪያ ነው። ሆድን አጥብቆ የሚይዝ ቀበቶ ወይም ደረትን የሚያስጨንቅ ልብስ ካለ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ይሆናል።

ፍጥነትን በወሬ፣ ትንፋሽን በእርምጃ መለካት

ትክክለኛውን ፍጥነት ለማወቅ ሰዓትም ሆነ መሣሪያ አያስፈልግም። አጠገብዎ ከሚሮጠው ጓደኛ ጋር ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሳይቆራርጡ መነጋገር ከቻሉ ፍጥነቱ ልክ ነው፤ ሁለት ሁለት ቃል ብቻ የሚወጣዎት ከሆነ ፈጥነዋል። ብቻውን የሚሮጥ ሰው ለራሱ የቤተሰቡን ስም ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ እየጠራ ሊሞክረው ይችላል። ጀማሪ ከሚሮጠው ጊዜ አብዛኛውን በዚህ የወሬ ፍጥነት ቢያሳልፍ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያው መንገድ በቀለለ ትንፋሽ ሲጠናቀቅ ያየዋል። ይህ ፍጥነት ለአንዳንዱ ሰው ከፈጣን እርምጃ ብዙም ያልበለጠ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ማፈር አያስፈልግም።

ፍጹም ጀማሪ የሆነ ሰው አምስት ደቂቃ በእርምጃ ካሟሟቀ በኋላ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ ሮጦ ሁለት ደቂቃ ይራመድ፤ ይህንን እስከ 20 ደቂቃ ይደጋግመው፤ በሳምንትም ሦስት ቀን ያድርገው። በየሳምንቱ የሩጫው ደቂቃ በጥቂቱ ይጨመር፣ የእርምጃው ይቀነስ። መቼ ይጨመር የሚለውን የሚወስነው የቀን መቁጠሪያ ሳይሆን ትንፋሽ ነው፤ በሁለቱ ደቂቃ እርምጃ ውስጥ ትንፋሹ ወደ ወሬ ደረጃ የማይመለስ ከሆነ ለሳምንት እዚያው መቆየት ይሻላል።

ፍጥነቱ ሲረጋ ትንፋሽን ከእርምጃ ጋር ማዛመድ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1983 ብራምብልና ካሪየር የተባሉ ተመራማሪዎች ልምድ ያላቸው ሯጮች ትንፋሻቸውን ሳያስቡት ከእግራቸው ምት ጋር እንደሚያስተሳስሩ፣ በብዛትም የሚታየው በአራት እርምጃ አንድ ሙሉ ትንፋሽ እንደሆነ አሳይተዋል። በልማድ ይህ ሁለት-ሁለት ይባላል፤ በሁለት እርምጃ መሳብ፣ በሁለት እርምጃ ማስወጣት ማለት ነው። በደቂቃ 160 እርምጃ ለሚሮጥ ሰው ሁለት-ሁለት 40 ትንፋሽ ይሆናል፤ ሦስት-ሦስት ግን 27 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስት-ሦስት ለዘገምተኛ ሶምሶማ፣ ሁለት-ሁለት ለመካከለኛና ጠንከር ላለ ሩጫ ይስማማል። ሁለት-አንድ የሚባለው ደግሞ በደቂቃ ከ50 በላይ ትንፋሽ ስለሚሆን ለመጨረሻ መቶ ሜትሮች ካልሆነ በቀር ለማንም ጀማሪ አልመክረውም።

በሦስት እርምጃ ስቦ በሁለት ማስወጣትም አለ። የዚህ ደጋፊዎች ማስወጣቱ አንድ ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ እግር ላይ ስለሚጀምር ጫናው ለሁለቱ ወገን ይከፋፈላልና ጉዳትን ይቀንሳል ይላሉ። ጉዳት ስለመቀነሱ የቀረበው ማስረጃ ጠንካራ አይደለም፤ እኔ ግን ቁጥሩ ጎዶሎ በመሆኑ ልብን ስለሚይዝ፣ ሐሳብም ከድካም ስለሚርቅ እወደዋለሁ። ከዚህ ሁሉ አንዱ እንደ ሕግ መታየት የለበትም። ቁጥሩ ከሰውነት ጋር ሲጣላ፣ ለምሳሌ በሦስት-ሦስት ለመቆየት ሲሉ የሚታፈኑ ከሆነ፣ ቁጥሩ ተትቶ ፍጥነቱ ይቀነስ ወይም ወደ ሁለት-ሁለት ይታለፍ። ትንፋሽን ይዞ ማቆየት ግን በየትኛውም ሁኔታ የሩጫ ልምምድ አካል ሊሆን አይገባም።

በአፍንጫ ወይስ በአፍ የሚለው ክርክር ከሚገባው በላይ ጊዜ የሚወስድ ይመስለኛል። አፍንጫ አየሩን ያሞቃል፣ ያረጥባል፣ አቧራውንም ያጣራል፤ ስለዚህ በማሟሟቂያውና በዝግታ ሩጫ በአፍንጫ መሳብ ጥሩ ነው። ሩጫው ሲከብድ ግን በደቂቃ ከ100 ሊትር በላይ አየር ሊያስፈልግ ስለሚችል አፍ መከፈቱ የተፈጥሮ ነው፤ አትሌቶቻችንም በመጨረሻው ዙር አፋቸውን ከፍተው ነው የሚሮጡት። አፍን ዘግቶ መሮጥ ከሚሰጠው ጥቅም ሁሉ የሚሻለው፣ መዝጋት ሲያቅት «ፈጥነሃል» ብሎ መናገሩ ነው።

ዳገት ላይ

ወደ ጅሬን የሚወጣውን መንገድ እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ብዙ ሰው በጠፍጣፋው ላይ የያዘውን ፍጥነት ዳገቱም ላይ ለማስቀጠል ይታገላል፤ ይህ ግን ሳያውቁት ጥረትን እጥፍ እንደማድረግ ነው። ዳገት ላይ እኩል መጠበቅ ያለበት ድካሙ እንጂ ፍጥነቱ አይደለም። ዳገቱ ከመጀመሩ 50 ሜትር ያህል ቀደም ብለው እርምጃዎን ያሳጥሩ፣ ትንፋሽዎንም ከሦስት-ሦስት ወደ ሁለት-ሁለት ያሸጋግሩ። ቀድሞ መለወጡ ዋናው ቁም ነገር ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከተከማቸ በኋላ የሚደረግ ለውጥ ሁልጊዜ ይዘገያል።

ሁለተኛው ነገር አቋም ነው። ሰው ዳገት ሲያይ ከወገቡ ይጎብጣል፤ የጎበጠ ወገብ ደግሞ ሆድን አጥፎ ድያፍራም የሚወርድበትን ቦታ ይወስድበታል። ማዘንበል ካስፈለገ ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ መላው አካል በአንድነት ያዘንብል፤ ዓይንም ከ10 እስከ 15 ሜትር ፊት ለፊት ይመልከት። ትከሻ ወደ ጆሮ ሲጠጋ፣ ጥርስ ሲነከስ፣ ጡጫም ሲጨበጥ ትንፋሹ ወደ ላይኛው ደረት መውጣቱን ያሳያል። በየጥቂት ደቂቃው አንድ ረዥም ትንፋሽ እያስወጡ እጅን ወደ ታች ማራገፍ ይህንን ይፈታዋል። ማስወጣቱን በድምፅ፣ «ፉ» እያሉ ማድረግም ይረዳል፤ መንገደኛ ዘወር ብሎ ቢያይዎት አይገረሙ።

ዳገቱ ከትንፋሽ በላይ ከሆነ መራመድ የተከለከለ አይደለም። እኔ አሁንም የመጨረሻውን ገደላማ ክፍል የምወጣው 40 እርምጃ ሮጬ 20 እርምጃ እየተራመድኩ ነው፤ በዚህ መንገድ ስወጣ፣ ሳላቋርጥ ልሩጥ ብዬ መሐል ላይ ከምቆምበት ቀን ቀድሜ እደርሳለሁ። ቁልቁለቱ ሲመጣ ደግሞ እግር ስለሚፈጥን ትንፋሽ ተከትሎት እንዳይሮጥ፣ ሆን ብሎ ወደ ሦስት-ሦስት መመለስ ያስፈልጋል።

ትንፋሽ ሲያመልጥና ውጋት ሲይዝ

ትንፋሽ አንዴ ካመለጠ በኋላ ሩጫውን በመቀጠል ማስተካከል አስቸጋሪ ነው። ወደ እርምጃ ይቀይሩ፤ በድንገት ግን አይቁሙ፣ አይቀመጡም። ከንፈርዎን አሞጥሙጠው በረዥሙ ያስወጡ፤ ስለ መሳቡ አያስቡ፣ በራሱ ይመጣል። ከአምስት እስከ ስምንት እንዲህ ያሉ ትንፋሾች ብዙውን ጊዜ ይበቃሉ። መቆም የግድ ከሆነ እጆችን ጉልበት ላይ አሳርፎ ወደ ፊት ማዘንበል አሰልጣኞች እንደሚቆጡበት ያህል መጥፎ አይደለም፤ ለድያፍራም ዕረፍት ይሰጣል። የሚያዞር ከሆነ ግን ቀና ብሎ መራመድ ይሻላል።

ከጎድን በታች፣ በተለይ በቀኝ በኩል የሚይዘው ውጋት የትንፋሽ ጎረቤት ነው። መንስኤውን በተመለከተ ተመራማሪዎች አልተስማሙም፤ ከሞላ ሆድና ከጣፋጭ መጠጥ ጋር ያለው ዝምድና ግን ግልጽ ነው። ከባድ ምግብ ከተበላ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ሳይቆዩ መሮጥ፣ ወይም ከመነሣት በፊት ግማሽ ሊትር ውኃ በአንድ ትንፋሽ መጠጣት ውጋትን ይጠራል። ሲይዝዎት ፍጥነቱን ቀንሰው የሚያመውን ቦታ በጣቶችዎ ጫን ይበሉ፤ በረዥሙም ያስወጡ። የሕመሙ ወገን ቀኝ ከሆነ ማስወጣቱን በግራ እግር ማረፊያ ላይ መጀመር ብዙ ሯጮችን ይረዳል። በጾም ወራትና በረመዳን የሚሮጡ ሰዎች ደግሞ ከማፍጠሪያው ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ ያለውን ጊዜ ለቀላል ሶምሶማ ብቻ ቢያውሉት ጥሩ ነው፤ ውኃ የጎደለው ሰውነት ልቡ ፈጥኖ ስለሚመታ ያው ፍጥነት ከወትሮው የበለጠ ያስለከልከዋል።

የምንተነፍሰው አየር

ስለ ዘዴ ይህንን ያህል ከተባለ ስለ አየሩም ጥቂት ማለት ይገባል። በቀዝቃዛ ማለዳ የማገዶና የከሰል ጭስ ወደ ላይ ሳይወጣ ዝቅተኛው ስፍራ ላይ ተኝቶ ይቆያል፤ ፀሐይ ምድሩን ስታሞቅ ነው የሚበተነው። ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ከማለዳው 12 ሰዓት ይልቅ 1 ሰዓት ተኩል ላይ መውጣት ለጉሮሮ ይሻላል። እነዚያው ወራት የቡና ለቀማና ማድረቂያ ጊዜ ስለሆኑ ጀንፈል በሚፈለፈልበት አካባቢ የገለባው ብናኝ ይበዛል፤ በነዚህ መፈልፈያዎች አጠገብ የሚያልፍ መንገድ ሳል ለሚቀናው ሰው አይመከርም። ባጃጅ የሚርመሰመስባቸውን ዋና መንገዶች ትቶ ወደ ቦዬ ረግረግ አቅጣጫ ወይም ዛፍ ወዳለባቸው የውስጥ መንገዶች መውጣት በትንፋሽ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ በመጀመሪያው ቀን ያዩታል። ብርድ ጉሮሮውን የሚያሳክከው ሰው የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች አፍና አፍንጫውን በስስ ሻርፕ ሸፍኖ ቢሮጥ የራሱ ትንፋሽ ሙቀትና እርጥበት ይመልስለታል። «የከፍታ ጭምብል» እየተባለ የሚሸጠው ነገር ግን የአየርን ፍሰት ብቻ እንጂ የአየርን ግፊት ስለማይቀንስ እንደ ከፍታ ሊሠራ አይችልም፤ በዚያ ገንዘብ ጥሩ ጫማ መግዛት ይሻላል።

ዘዴ የማይፈታው የትንፋሽ ማጠር

ለስድስት ወይም ለስምንት ሳምንት በወሬ ፍጥነት ሮጦ ምንም ለውጥ ያላየ ሰው ምክንያቱን ከአተነፋፈሱ ውጭ መፈለግ አለበት። በተለይ በሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው የደም ማነስ ነው፤ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ሲያንስ የፈለገውን ያህል በጥልቀት ቢተነፈስ ጡንቻ አይጠግብም። ቀላል የደም ምርመራ ይለየዋል። እዚህ ላይ ጅማን የሚመለከት አንድ ነገር አለ፤ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ የሚጠጣ ቡናና ሻይ፣ ከእህልና ከጥራጥሬ የምናገኘውን የብረት ማዕድን ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሰዋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሚጠጣበት ከተማ ቡና ይቅር የሚል ሰው ሰሚ አያገኝም፤ ቡናውን ከምሳ አንድ ሰዓት ያህል አቆይቶ ማፍላት ግን ይቻላል።

ሩጫ ካቆሙ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሳል የሚነሣ፣ ደረት የሚጨመደድና ሲር ሲር የሚል ድምፅ የሚሰማ ከሆነ በእንቅስቃሴ የሚቀሰቀስ የአየር ቧንቧ መጥበብ ሊሆን ይችላል። ይህ አስም ባለባቸውም በሌለባቸውም ሰዎች ላይ ይታያል፤ ሐኪም ካዘዘ ከሩጫ በፊት በአፍ በሚነፋ መድኃኒት በደንብ ይቆጣጠሩታልና ሩጫን የሚያስተው አይደለም። የጎረቤትን መድኃኒት ተውሶ መንፋት ግን የተለየ ነገር ነው፤ ያንን አያድርጉ።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው ሩጫውን አቁሞ ለሳንባ ነቀርሳ ይመርመር። በልጅነት ደጋግሞ የሚይዝ የጉሮሮ ሕመም በአግባቡ ሳይታከም ሲቀር የልብን ቫልቭ ሊጎዳ እንደሚችል፣ ይህም ሕመም በአገራችን ወጣቶች ላይ የሚታይ መሆኑን ማስታወስም ተገቢ ነው፤ ከእኩዮቹ ተለይቶ በጥቂት ደረጃ እንኳ የሚታፈን ወጣት ልቡ መደመጥ አለበት። የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት ወይም ለመሳት መቃረብ፣ የማይረጋ የልብ ምት፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ የእግር እብጠት፣ ተኝተው ሳሉ የሚያጥር ትንፋሽ ወይም የከንፈር መጥቆር ከታየ ለነገ የሚባል ነገር አይደለም፤ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ ጥቂት ነገሮችን በወረቀት ይዘው ይሂዱ፦ ትንፋሹ የሚያጥረው በስንተኛው ደቂቃ እንደሆነ፣ በሜዳ ወይስ በዳገት፣ ካቆሙ በኋላ በስንት ደቂቃ እንደሚመለስ፣ ሳል ወይም ድምፅ እንዳለው፣ ጭስና ብናኝ ባለበት ቀን እንደሚብስ ወይም እንደማይብስ። የሁለት ሳምንት እንዲህ ያለ ማስታወሻ «ስሮጥ ያፍነኛል» ከሚለው አንድ ዐረፍተ ነገር ይልቅ ለመርማሪው ብዙ ይነግረዋል።